ለየብቻ የሚበሉት ፖሊሶች

ሽታ ያለፈ ዘመን ይመልሳል የሚሉ ሰዎችን ሥራ ፈት አድርጌ ነበር የምቆጥራቸው። ባለፈው ወር ግን አዳማ፣ ከገበያው ጀርባ ካለች አንዲት የሬዲዮ መጠገኛ ቤት ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ ጠጋኙ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ሰካ። ጀርባው ሲግል፣ ለዓመታት የተኛበት አቧራ መሽተት ጀመረ፤ እንደ ተቃጠለ ሱፍ ያለ፣ ግን ትንሽ የሚጣፍጥ ሽታ። የያዝኩትን ሬዲዮ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጠጋኙ «ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። አላመመኝም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ነበር።

ልጆቼ ውሸት እንደማልወድ ያውቃሉ። ብርጭቆ የሰበረውን እምረዋለሁ፤ አልሰበርኩም ያለውን ግን አልምረውም። ስለዚህ ይህን ስጽፍ እኔ ራሴ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ በየቅዳሜው፣ በትልልቅ ሰዎች ፊት፣ እየተመሰገንኩ ስዋሽ የከረምኩ ልጅ እንደነበርኩ መደበቅ አይገባኝም። ፍርዱን አንባቢ ይስጥ።

ያን ጊዜ ከተማዋን ናዝሬት ነበር የምንላት። አባቴ የጭነት መኪና ይዞ በአሰብ መንገድ የሚመላለስ ሰው ስለነበር፣ ቤታችን ማለት እናቴና እኔ ነበርን። እናቴ ጴንጤ ናት። ቃሉን የሰማሁት የሰፈር ልጆች ሲሰድቡኝ ስለነበር ለረጅም ጊዜ የበሽታ ስም ይመስለኝ ነበር። የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣ ቁልፉ ላይ ቀይ ሰም ፈሶበት ታሽጓል። ታሽጎ ያየሁት ነገር ጠርሙስ ብቻ ስለነበር፣ ውስጡ ያለው እንዳይበላሽ ያሸጉት መሰለኝ። በዚያ በኩል ባለፍን ቁጥር እናቴ ለምን እጄን ጠበቅ አድርጋ እንደምትፈጥን አይገባኝም ነበር። አንድ ነገር ግን አውቅ ነበር፤ ወንድም ታምሩ የሚባሉ አስተማሪ ቤታቸው ሰው ሰብስበው ሲጸልዩ ተይዘው ከታሰሩ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። የት እንዳሉ ስጠይቅ ትልልቆቹ «ሩቅ ነው» ይሉኝ ነበር።

ከኛ ሦስት ቤት አልፎ ጋሽ ደበላ ይኖራሉ። ትውልዳቸው ሁሩታ ነው፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው። ሌላው ተስፋ ቆርጦ የጣለውን ቴሌቪዥን ስድስት ወር ሲፈቱና ሲገጥሙ ከርመው አስነሡት። በሰፈራችን ከቀበሌው አዳራሽ ሌላ ቴሌቪዥን ያለው እዚያ ቤት ብቻ ነበር። ቅዳሜ ማታ ዜናው እንዳለቀ ከውጭ የመጣ ተከታታይ ፊልም ይታያል። አባትየው የፖሊስ አለቃ፣ ሁለቱ ልጆቹም ፖሊሶች ናቸው። ስሙ በእንግሊዝኛ ስለነበር ማንም አልያዘውም፤ ሁሉም «የፖሊሱ ቤተሰብ» ነው የሚለው። ማለቂያ የለውም ነበር። እኔ ከማወቄ በፊት ተጀምሮ፣ ሰው ሁሉ እንደ ጎረቤቱ ኑሮ ይከታተለዋል።

ቅዳሜ ማታ ስምንት ያህል ትልልቅ ሰዎች ወደ ጋሽ ደበላ ቤት ይመጣሉ። ሲመጡ በራፉ ላይ በኦሮምኛ ሰላም እያሉ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

«አካም ጂርቱ! ጀመረ እንዴ?»

«ገና ነው፣ ግቡ! ዜናው አላለቀም!»

የፊልሙ ሙዚቃ ሲጀምር ግን ሁሉም ተነሥተው አንድ በአንድ ጓዳ ይገባሉ። እኔ ብቻዬን ቴሌቪዥኑ ፊት እቀራለሁ። የጋሽ ደበላ ልጅ ሌንሴ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እሷ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። አንድም ቅዳሜ ያን ምስር ጨርሳ አይቻት አላውቅም። ከጓዳው የሚወጣው ድምፅ እንደ ንብ ቀፎ ነው። ሲያልቅ ትልልቆቹ ዓይናቸው ቀልቶ ይወጡና ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። ጋሽ ደበላም ይጠይቁኛል።

«እህ፣ ማሙሽ፣ ፖሊሶቻችን እንዴት ሰነበቱ?»

ሥራዬ ይኸው ነበር። ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም ደጋግመው እየጠየቁ ይይዙታል። ሰኞ በሥራ ቦታ፣ በወፍጮ ቤት፣ በቀበሌ ሱቅ ሰው ሁሉ ስለ ፊልሙ ሲያወራ አላየሁም የሚል እንዳይኖር ነው። እኔ ግን ይህን አላውቅም ነበር። ጓዳ የሚጸልዩ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ለምን ልክ ፊልሙ ሲጀምር እንደሚጸልዩ ነው ያልገባኝ። ብዙ አስቤ የደረስኩበት መልስ፣ ፊልም ማየት ለትልቅ ሰው ኃጢአት ነው፣ መስማት ግን ኃጢአት አይደለም የሚል ነበር። ትልልቆቹም አሳዘኑኝ። እንደዚያ እየጓጉ አለማየታቸው!

አሁን ወደ ውሸቴ ልምጣ። አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ከእንግሊዝኛ የማውቀው «አባት» እና «እናት» የሚሉትን፣ «ግባ» እና «አመሰግናለሁ»ን ነው፤ «ፖሊስ»ማ በአማርኛም ፖሊስ ነው። የቀረውን ከፊታቸው ላይ አነበው ነበር። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ አበላላቸው ነው። አባትየው ባለ ሽበት ነው፤ «ሻለቃው» አልኩት። ማታ ማታ ረጅሙ ልጁ፣ ወፍራሙ ልጁና ፖሊስ ያልሆነው ትንሹ ልጁ ወደ ቤቱ ይመጣሉ። አንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡና እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሳህን ይበላሉ። አንዱ ሌላውን አያጎርስም። አንዱ የሌላውን ሳህን አይነካም። በሕይወቴ እንዲህ ለየብቻቸው ሲበሉ ያየኋቸው ሁለት ሰዎች ጎረቤታችን የነበሩ ወንድማማቾች ናቸው፤ እነሱም በቤት ውርስ ተጣልተው ነው።

ስለዚህ ገባኝ። ይህ ቤተሰብ ተጣልቷል።

በምን ተጣሉ? ይህን ለማወቅ ሳምንታት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ትንሹ ልጅ የሚለብሰው ካፖርት መልስ ሰጠኝ። ካፖርቱ ብዙ መስመርና ብዙ አራት ማዕዘን ነበረው። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው፤ እኔ ግን ቀይም፣ አረንጓዴም፣ ቢጫም አየሁበት። አባት ለሚወደው ልጅ ባለ ብዙ ቀለም ልብስ ሰጥቶ ወንድሞቹ የቀኑበትን ታሪክ እናቴ ከመተኛቴ በፊት ነግራኝ ስለማውቀው፣ የቀረውን መገመት አላስቸገረኝም። ወንድሞቹ ሊሸጡት ነው። በየቅዳሜው ጉድጓዱን እጠብቅ ጀመር። አንድ ቀን ረጅሙ ልጅ ትንሹን በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ወደሚወርድ ደረጃ ሲገፋው አየሁ። ለትልልቆቹ «ጣሉት!» አልኳቸው። እናቴ «ወይ ልጄን!» አለች፤ የማን ልጅ እንደሆነ ሳታውቅ።

አንድ ነገር ግን በትክክል አየሁ፤ እሱን ነው ያላመኑኝ። ፖሊሶቹ ከመብላታቸው በፊት ራሳቸውን ደፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ።

እማማ ወርቄ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ ከሁሉም የሚታወቁት ጮክ ብለው በማውራት ነው። «ፖሊስ?» አሉኝ።

«ፖሊስ።»

«ራሱን ደፍቶ?»

«ደፍቶ።»

«ታዲያ እነሱን ማን ያስራቸዋል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ እነሱ ሳሎን፣ መስኮቱ ተከፍቶ ነው የሚጸልዩት። እናንተ ለምን ጓዳ ትገባላችሁ?»

እናቴ «የእነሱ ጓዳ ጠቦ ይሆናል» አለች።

ጣጣው የመጣው በቀበሌ ሱቅ ነው። ሰኞ ጠዋት ለስኳር ተሰልፈናል። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ሽመልስ በሰልፉ ዳር ያልፋል። ቀጠን ያለ፣ ሲናገር ቀስ የሚል፣ ስለዚህም የሚፈራ ሰው ነው። እናቴ ፊት ቆመ።

«አልማዝ፣ አንቺ በየቅዳሜው አትቀሪም አሉ። እኔ ስብሰባ ነበረብኝ፣ አመለጠኝ። ትንሹ ልጅ ምን ሆነ?»

እናቴ የነገርኳትን በእምነት ተናገረች። «ወንድሞቹ ጉድጓድ ጣሉትና ለነጋዴዎች ሸጡት።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

«ኧረ የምን ሽያጭ!» አለች ከኋላችን የነበረች ሴት። «ልጁ እኮ ታሞ ሆስፒታል ነው የገባው! ወንድሙ አይደል በደረጃ ደግፎ ያወረደው? አዳራሹ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተማሪው ተርጉሞልናል!»

«እሷ የሌላ ሰፈር ቴሌቪዥን ነው የምታየው!» አለ አንዱ።

ጓድ ሽመልስ አልሳቀም። «ጉድጓድ» አለ ቀስ ብሎ። «ነጋዴዎች። ይህን ታሪክ ልጅ ሆኜ ሌላ ቦታ የሰማሁት ይመስለኛል።» ከዚያ ወደ እኔ ዝቅ ብሎ አየና ቀና አለ። «ቅዳሜ እኔም መጥቼ ከእናንተ ጋር አያለሁ።»

እናቴ ስኳሩን ሳትወስድ ልትሄድ ስትል ባለ ሱቁ ጠራት። በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ልብሴን ስታጣጥፍ፣ የእሷንም አንድ ቅያሪ ለብቻው በፌስታል ስታስቀምጥ አየኋት። «የት ልንሄድ ነው?» ስላት «የትም» አለችኝ። ወንድም ታምሩ በተያዙ ጊዜ ሚስታቸው ቅያሪ ልብስ ይዛ ስትሮጥ አይቻለሁ፤ ሁለቱን ያገናኘሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

ጋሽ ደበላ አልተቆጡኝም። ጠርተው ፊታቸው አስቀመጡኝ።

«ማሙሽ፣ ያየኸውን ነው የነገርከን?»

«ያየሁትን ነው። ተጣልተዋል፤ ለየብቻ ነው የሚበሉት።»

አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። መጀመሪያ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር። «የፈረንጅ አገር ሰው እየተዋደደም ለየብቻ ነው የሚበላው» አሉኝ ሳቃቸውን ጨርሰው።

«ዱጉማ?» አልኳቸው፤ እውነት? ማለቴ ነው።

«ዱጉማ።»

አላመንኳቸውም። አሁንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አምኛለሁ አልልም።

ቅዳሜ ቢቀሩ ራሳቸውን ማጋለጥ ስለሚሆን ሁሉም መጡ። ጓድ ሽመልስም መጣ፤ ጠመንጃውን በሩ አጠገብ አስደግፎ፣ ደህናው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሻይ ቀረበለት። ሙዚቃው ሲጀምር ስምንቱ ሰዎች ለመነሣት ሲንቀሳቀሱ እግራቸው ያሳብቅባቸው ነበር፤ መለስ ብለው ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልሙን አዩ። ሻለቃው ብቅ ሲል እማማ ወርቄ ጮክ ብለው «ይኼ ሽማግሌ ደግሞ ማነው?» አሉ።

ክፍሉ በረደ።

ጓድ ሽመልስ ዞረ። «እማማ፣ ከመስከረም ጀምረው እያዩ ሻለቃውን አያውቁትም?»

«ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ» አሉ። ይህ ውሸት አልነበረም፤ ዓይናቸው በእርግጥ ደክሟል። ውሸት ሳይናገሩ መዋሸት እንደሚቻል የተማርኩት ያን ዕለት ነው፤ ለልጆቼ ግን አላስተማርኩትም።

ከዚያ ራት ሆነ። ሻለቃውና ልጆቹ ተቀምጠው ራሳቸውን ደፉ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ ጓድ ሽመልስ። እኔን አየኝ። «አንተ አይደለህ ተርጓሚው?»

«እየጸለዩ ነው» አልኩ።

«ፖሊሶቹ?»

«ፖሊሶቹ።»

«ምን ብለው?»

እንግሊዝኛውን አልሰማሁትም። ብሰማውም አይገባኝም ነበር። ግን ሰው ሲጸልይ ምን እንደሚል አውቅ ነበር፤ ከጓዳው ለወራት ሰምቻለሁ። እንዲህ አልኩ፦ «ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ቀን እናመሰግንሃለን። የታመሙትን ዳስስ። የታሰረውን ወንድማችንን አትርሳው፤ ቤቱን ጠብቅለት። በሩቅ ያሉትን ልጆች በሰላም መልሳቸው።»

«አሜን!» አሉ እማማ ወርቄ፣ ግድግዳው እስኪሰማ።

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ጓድ ሽመልስ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ስክሪኑን ያያል። ፖሊሶቹ መብላት ጀምረዋል።

«የታሰረው ወንድማቸው የትኛው ነው?» አለኝ።

«ፊልሙ ላይ አይታይም።»

«እነሱ ፖሊሶች ሆነው አያስፈቱትም?»

«አይችሉም።»

«አዎ» አለ። «አይችሉም።»

ሲያልቅ ተነሥቶ፣ አመስግኖ፣ ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። ሌሊቱን ሙሉ እናቴ ልብሷን ለብሳ ተኛች። ማንም አልመጣም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ጓድ ሽመልስ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛውም መጣ። ጓዳ መግባት ቀረ። ትልልቆቹ የጸሎት ጊዜያቸውን አጥተው፣ ሳይወዱ የፊልም ተመልካች ሆኑ። ራት በሆነና ፖሊሶቹ ራሳቸውን በደፉ ቁጥር ጓድ ሽመልስ «እሺ፣ ምን ይላሉ?» ይለኛል። እኔም እላለሁ። በሰፊው ክፍል ውስጥ ጭንቅላቶች ትንሽ ትንሽ ጎንበስ ይላሉ። በሳምንቱ መካከልም ትልልቆቹ እያዋዙ ይመጡብኝ ጀመር። አንዷ «ማሙሽ፣ ፖሊሶቹ ስለ ወገብ ሕመም ብለው አያውቁም?» ትለኛለች፤ ሌላው «አንድ ሥራ የፈታ የአጎት ልጅ አላቸው መሰለኝ» ይለኛል። ቅዳሜ ሻለቃው ስለ ወገብ ሕመም ይጸልያል። ሌንሴ መንገድ ላይ ስታየኝ «ፓስተር ቴሌቪዥን መጣ!» እያለች ታበሽቀኝ ነበር።

እኔ ግን የከነከነኝ ሌላ ነበር። ጓድ ሽመልስ ለምን ይመጣል? አዳራሹ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አስተማሪ አለለት። ሌንሴን ጠየቅኋት።

«ልጁ አበራ እኮ ለውትድርና ሄዷል» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለዘመቻ የሚሄዱትን ስም የሚጽፈው ራሱ ጓድ ሽመልስ ነው። የሰው ልጅ ጽፎ የራሱን መተው አልቻለም። ደብዳቤ ከመጣ አምስት ወር ሆነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል?»

«እኔ ምን አውቄ! አንተ ነህ ተርጓሚው።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ሳየው አዲስ ነገር አስተዋልኩ። «በሩቅ ያሉትን ልጆች» ስል ብርጭቆውን አይጠጣም፤ እስክጨርስ ይይዘዋል። አንድ ቅዳሜ ረስቼው ባልፍ «ሌላ አላሉም?» አለኝ። ጨመርኩለት።

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ጓድ ሽመልስ ከወትሮው ቀደም ብሎ መጣ። በዚያው ሳምንት ከሰፈራችን ለሁለት ቤቶች መርዶ ተነግሯል፤ ልጆቹ ከአበራ ጋር በአንድ ቀን የሄዱ ነበሩ። ሻይ ቀረበለት፤ አልነካውም። ፊልሙ ተጀመረ። ያን ዕለት ሻለቃውና ልጆቹ ሌባ ሲያባርሩ ዋሉና ወደ ቤት አልተመለሱም። ፖሊስ ጣቢያ ቆመው፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ እየገመጡ፣ ስልክ እያነሡ ሲጥሉ ጊዜው አለቀ። ጠረጴዛ የለም። ራሱን የደፋ የለም። ስሞች መውረድ ጀመሩ።

«ዛሬ አልጸለዩም?» አለ ጓድ ሽመልስ።

ትልልቆቹን አየኋቸው። እናቴ ታየኛለች። ጸልየዋል ማለት ቀላል ነበር፤ ለሳምንታት ስለው የከረምኩት እሱን ነው። ግን ሰውየው ስክሪኑን ከእኔ እኩል አይቷል። እያየ ነው የጠየቀኝ። ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አልገባኝም፤ እሱን በዚያች ሰዓት መዋሸት አልሆነልኝም።

«አልጸለዩም» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ለመነሣት ተዘጋጀ፤ ግን አልተነሣም። ማስታወቂያ መጣ፤ ማንም አላየውም። ያኔ ጋሽ ደበላ ተነሡና ቴሌቪዥኑን አጠፉት። በብርሃኑ ቦታ አንዲት ነጭ ነጥብ ቀርታ ቀስ እያለች ጠፋች። በዚያ ቤት ሰው ሞልቶ ቴሌቪዥን ሳይጮህ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ «ደቤ!» አለች፤ ጋሽ የሚለውን ረስታ።

«ጓድ ሽመልስ» አሉ ጋሽ ደበላ። «ስለ አበራ እኛ እንጸልይ?»

ይህን የተናገረ ሰው ወንድም ታምሩ ወዳሉበት ሊሄድ እንደሚችል የማያውቅ በዚያ ክፍል ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም በዚያች ቅጽበት አወቅሁ።

ጓድ ሽመልስ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። ከዚያ ስም ሲያስመዘግብ እንደሚናገር ሰው፣ ቀስ ብሎና ቃሉን ለይቶ ተናገረ።

«አበራ የዓለም ስሙ ነው» አለ። «የክርስትና ስሙ ገብረ ሚካኤል ነው።»

በእኛ በጴንጤዎቹ ዘንድ የክርስትና ስም አይጠየቅም፤ ማንም በሱ አይጸልይም። ጋሽ ደበላ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጮክ ብለው፣ ገብረ ሚካኤል ብለው ጠሩት።